የሶፋ አዝራር ያላት ነብር

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ መጋረጃው ሊከፈት አንድ ሰዓት ከአርባ ሲቀረው፣ ጭራ የልብስ መቀየሪያ ክፍሉን በር ከውስጥ ቀረቀረችው። ሰዓቱን አትረሳውም። ከመስታወቱ በላይ የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ባየችው ቁጥር ሰባት እየደመረች ነበር የምታነበው፤ ያን ቀን ደግሞ በየደቂቃው ታየው ነበር።

ልቧ ከደረቷ ወጥቶ ሊቀድማት ምንም አልቀረውም። ጠዋት ቁርሷ አልወርድ ብሏት ለድመቷ ሰጥታ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወርድ፣ እናቷ ከላይ ሆና «ቀስ በይ እንጂ፣ ነብር በደረጃ መውረድ አያውቅም እንዴ?» ብላ ስቃባት ነበር።

ጭራ የቤት ስሟ አይደለም። ስሙን ያወጡላት የቲያትር ጓደኞቿ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈረሱ ኋላ እግር ሆና ተጫውታለች። የፊት እግሩ ዳቦ ጋጋሪው ነበር፤ እሱ ሲራመድ ትራመዳለች፣ እሱ ድንገት ሲቆም አፍንጫዋ ወገቡ ላይ ይላተማል። ጭብጨባውን ከጨርቅ ውስጥ ሆና ትሰማለች። ሰው ሁሉ «ፈረሱ ግሩም ነው» ሲል ደስ ይላታል፤ ግን ፈረሱ ማለት ዳቦ ጋጋሪው ነበር። እሷ የምትታወቀው በጭራው ነው፤ በውስጥ በኩል ገመድ እየሳበች የምታወዛውዘው እሷ ነበረች። ከሰኞ እስከ ዓርብ በልብስ እጥበት ቤት የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች፣ ቅዳሜ ደግሞ የሰው ኋላ ትሆናለች። እናም በዚህ ዓመት አዘጋጇ፣ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላቸው፣ ወረቀቱን አገላብጠው አገላብጠው «ነብሯን ጭራ ትጫወታት» ሲሉ፣ ክፍሉ ውስጥ የሳቀው ሁሉ ቀስ በቀስ ዝም አለ። ሲስተር አልሳቁም ነበር።

ነብሯ የምንጭ ጠባቂ ናት። ቀስተኛው አዳኝ ሊገድላት ሲመጣ ከድንጋዩ ጫፍ ዘልላ ፊቱ ትቆማለች፣ ታፈጥበታለች፣ እሱም ቀስቱን ይጥላል። ነገሩ ሁሉ ያቺ ማፍጠጥ ናት። ዓይኗ ካላስፈራ ቲያትር የለም።

ችግሩም እዚያ ላይ ነበር።

ጭምብሉን የሠሩት የእናቷ ወንድም ናቸው። በሥራቸው ሶፋ ሰሪ ናቸው፤ ሱቃቸው ከአዳራሹ ጀርባ ተለጥፎ ነው ያለው፣ የልብስ መቀየሪያው ክፍልም የእሳቸው ዕቃ ቤት ነበር። በስፖንጅና በጨርቅ ቁራጭ መካከል ነው ተዋናይ ሁሉ የሚለብሰው። ሰፈሩ ጋሽ ስንት ይላቸዋል፤ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ጭምብል የሠሩለት ሰው ሁሉ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ፊታቸው ይቆማል። ጭምብሉን ያጠልቃል። ጋሽ ስንት በግራው ይመጡና ጣታቸውን ያነሳሉ፤ «ስንት ነው?» በቀኙ ይሄዳሉ፤ «ስንት ነው?» ይንበረከኩና ከእግሩ ሥር፤ «ስንት ነው?» አንገት ማዞር አይፈቀድም። አንዴ የሳተ ሰው ጭምብሉ ከፊቱ ይወልቃል፣ መቀሱ ይመጣል፣ የዓይን ቀዳዳው ይሰፋል። ምን ያህል ቆንጆ ሥራ ነው፣ ስንት ቀን ተለፍቶበታል አይሉም። የዳቦ ጋጋሪው የንጉሥ ጭምብል ሦስት ጊዜ ተቆርጦ፣ በመጨረሻ ንጉሡ የደነገጠ ፍየል መስሎ ነበር የወጣው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ስንት ግን በመጋረጃው ጥግ ቆመው «ይሳቁ፤ ደረጃውን እያየ ወርዷል» አሉ።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። የሚያብለጨልጭ ዱቄት ከጉንጭ አጥንት በላይ አይወጣም። ኩል የሚኳልበት ብሩሽ ለየሰው ለየብቻ ነው፤ እጀታው ላይ የየሰው ክር ይታሰርበታል፣ የጭራ አረንጓዴ ነበር። ማንኛውም የሚቀባ ነገር ፊት ከመንካቱ በፊት እጅ ጀርባ ላይ ጠብ ይደረግና ሃያ ይቆጠራል። ፊቷ ለማይታየው ለፈረስ ኋላ እግር እንኳ ሕጉ አልቀረላትም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጨርቅ ውስጥ ነኝ» ስትላቸው «ጨርቅ ውስጥም ዓይን አለሽ» ብለው ያስቆጥሯት ነበር።

እናም የነብሯን ጭምብል ሠሩ። የብሩሽ ፀጉር አንድ በአንድ እየለጠፉ ጢም አበቀሉላት፣ ጆሮዋን በስፖንጅ አቆሙት፣ ነጠብጣቧን በጥቁር ቆዳ ቆርጠው ሰፉት። ከዚያም የዓይኑን ቀዳዳ እንደ ልማዳቸው ቦርቀቅ አድርገው ከፈቱት። ጭራ ማክሰኞ ዕለት አጥልቃው መስታወት ፊት ቆመች። ከነብሩ ፊት ውስጥ የልብስ ተኳሽ ቡናማ ዓይኖች እያዩአት ነበር።

«ጋሼ፣ ብርድ ልብስ የተከናነበች ልጅ እኮ ነው የምመስለው።»

«ብርድ ልብስማ አይደለም፤ የሶፋ ልብስ ነው።»

«አልቀለድኩም። ዓይኗ ያስፈራ ዘንድ ነው ወይስ ያባብል ዘንድ? ጓደኛዬ ጋ ቢጫ የዓይን ሌንስ አለ። ለአንድ ሰዓት ብቻ ባደርገው...»

ጋሽ ስንት መርፌያቸውን ክሩ ላይ እንዳለ ደረታቸው ላይ ሰኩት። «ማን ለክቶ ሰጣት?»

«ማንም አልለካትም፣ ለጌጥ ነው። ለሠርግ ገዝታው ነው።»

«እንግዲያው አይሆንም። ስሚ ልጄ፤ አዝራር ቢጠፋ አዝራር አለኝ፣ ዚፕ ቢበጠስ ዚፕ አለኝ፣ ስፖንጅ ቢያረጅ ስፖንጅ እቀይራለሁ። ለዓይን መለዋወጫ ሱቄ ውስጥ ፈልጌ አጥቻለሁ።»

እሷም «እሺ» አለች። «እሺ» ያለችው ከአንገት በላይ ነበር። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስትወጣ ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዋ ጋ ጎራ አለችና የሌንሶቹን ብልቃጥ በጉያዋ ይዛ ወጣች። ሁለት ክዳን ያላት ትንሽ ጠፍጣፋ ብልቃጥ ናት። «ንጹሕ ነው አይደል?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጓደኛዋ ፀጉር እየጠቀለለች «እኔና እህቴ፣ እንዲያውም ሙሽሪትም አድርጋዋለች፣ ማንም አልሞተም» አለቻት። ጭራም ሳቀች፤ መሳቅ ስለፈለገች ሳቀች።

አሁን በሩ ተቀርቅሯል። ከአዳራሹ ወንበር ሲጎተት፣ አዳኙን የሚጫወተው ዳቦ ጋጋሪው በቀስቱ አያያዝ ከሲስተር ጋር ሲከራከር ይሰማል። ጭራ የነብሩን ልብስ እስከ አንገቷ ለብሳዋለች፣ ጓንቱ ብቻ ነው የቀራት። ብልቃጧን ከፈተች። ሌንሶቹን ከቧንቧ ውሃ በታች አለቀለቀቻቸው፣ አንዱን በጣቷ ጫፍ አነሳች። አራት ጊዜ ሞክራ አራት ጊዜ ዓይኗ ቶሎ ተከደነባት። በአምስተኛው ገባ። ሁለተኛው ወዲያው ገባ።

ቀና ብላ መስታወቱን አየች፣ እናም በፀጉሯ ሥር ብርድ ብርድ አላት። ነብር ነበረች። እውነተኛ፣ ብጫቸው የሚያበራ ሁለት ዓይኖች ከመስታወቱ ውስጥ ሊያጠቋት ይመለከቷታል። ጭምብሉን አንስታ ፊቷ ላይ ስትይዘው ጉድ ሆነ፤ የጋሽ ስንት ሰፊ ቀዳዳ በብጫ ተሞላ። «ነብር አየኝ በል» አለች ለዳቦ ጋጋሪው፣ እሱ በሌለበት፣ በሹክሹክታ። በደስታ እግሯ መሬት አልነካ አለ፣ ሁለቴ ዞረች።

ሦስተኛውን ዙር አልጨረሰችውም። የቀኝ ዓይኗ መቆርቆር ጀመረ። መጀመሪያ አሸዋ የገባበት ያህል፣ ከዚያ የሽንኩርት ቅርፊት የተለጠፈበት ያህል። እንባው ወረደ። ግራውም ወንድሙን አይቶ ተከተለ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ነብር በጭጋግ ተሸፈነች። የጣቱ ፈተና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን ቀና ብላ አየች፤ ቁጥሮቹ ተደበላልቀዋል፣ ሰባት የምትደምርበት አጣች።

ማውጣት? ከወጡ ሁለተኛ ላይገቡ ነው። ትንሽ ቢርስ ይለቃል አለች ለራሷ። ጋሽ ስንት ጠዋትና ማታ ዓይናቸው ላይ ጠብ የሚያደርጉት መድኃኒት አለ፤ ዓይናቸው ውስጥ ግፊት አለ ተብለው ዓመታት ሆኗቸዋል። ብልቃጡን ታውቀዋለች፤ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ነጭ፣ ክዳኑ አረንጓዴ። መደርደሪያቸውን በእጇ ዳበሰች። ጠመኔ፣ የክር ጥቅል፣ ጥቅል፣ ጥቅል፣ መቀስ፣ ከዚያም እዚያችው ቦታ ነጭ ብልቃጥ፣ አረንጓዴ ክዳን።

ክዳኑን ከፈተች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ራሷን ወደ ኋላ ጣለች። የቀኝ ዓይኗን ቆብ በሁለት ጣት ፈልቅቃ ብልቃጡን ከላዩ ገለበጠችው።

እጇ ግን እዚያ አልቆየም። ለምን እንደሆነ እሷም በኋላ ማስረዳት አልቻለችም። አሰበችና ተወችው ማለት አይቻልም፤ ያሰበችው ስለ ነብሯ ብቻ ነበር። እጇ ራሱ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጨርቅ ውስጥም ዓይን አለሽ» እየተባለ የለመደውን መንገድ ይዞ ወረደ። በግራ እጇ ጀርባ ላይ አንድ ጠብታ ጣለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ መቁጠር ጀመረች፣ እግሯ በችኮላ ወለሉን እየደበደበ። ዘጠኝ ላይ ትዕግሥቷ አለቀና ጠብታውን በሌላው እጇ እጅጌ ጠረገችው።

እጅጌው አልተመለሰም።

ሳበችው። ቆዳዋም አብሮ ተሳበ። እጇ ጀርባ ላይ ሞቅ የሚል ነገር ተሰማት። በኃይል ነቀለችው፤ ተለቀቀ፣ ነገር ግን ከእጅጌው ጣት የምታህል ቢጫ የነብር ፀጉር እጇ ላይ በቅላ ቀረች። ብልቃጡን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ክፍሉ ቀለም ቀለም ስለሚሸት አልለየችውም ነበር እንጂ ያንን ሽታ ታውቀዋለች። የጢሙ ሙጫ ነው። ያ፣ ሁለት ጣት ካጣበቀ ለመለየት ግማሽ ቀን የሚፈጀው።

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

በሩ ተንኳኳ። «ጭራ። ምነው ቀረቀርሽው? ጢሟን አንዴ ልያት።»

ከፈተችላቸው። ሌላ ምን ታደርጋለች? ጋሽ ስንት በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ ያዩት ብጫውን ዓይንና በጉንጯ የሚወርደውን እንባ ነው። ፊታቸው ተቀያየረ፤ ቁጣው ሲመጣ ከሩቅ ይታይ ነበር። «አንቺ ዓይን አውጣ፤ ነብር ሁኚ ብልሽ ችኩል ጅብ...» ብለው ጀመሩ።

አልጨረሱትም። ግራ እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው፤ ፀጉሩን። ከዚያም በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብልቃጥ።

«ዓይኔ ላይ ላደርገው ነበር፣ ጋሼ። መድኃኒትዎ መስሎኝ።»

ጋሽ ስንት ብልቃጡን አዩት። እጇን አዩ። እንደገና ብልቃጡን አዩ። ከዚያም የስፖንጅ ክምር ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ ክምሩ ከሥራቸው እየተነፈሰ ወረደ።

«የሞላሁት እኔ ነኝ» አሉ። «የሙጫው ጠርሙስ አፉ ሰፊ ነው፣ ጢሙን ያበላሸዋል። የመድኃኒቱ ግን አንድ ጠብታ ብቻ ነው የሚሰጠው። ባዶውን መጣል ሳሳሁና ሞላሁት። አራት እንደዚህ ያለ አለኝ።»

«ታዲያ ሙጫ መሆኑን ማን ያውቃል ብለው...» አለች ጭራ።

«እኔ እንኳ አላውቅም። ማታ መብራት ሲጠፋ የትኛው የቱ እንደሆነ በምን ነበር የምለየው?» ወደ መደርደሪያው ዞሩ። «የሰው ጭምብል ስቆርጥ ስኖር፣ እሳቱን በገዛ እጄ መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጬ።»

ጭራ አጎቷን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም። ሙጫውን ያላወቀችው እሷ፣ ሌንሱን የደበቀችው እሷ፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ግን እሳቸው። «ቆጥሬ ነበር እኮ» አለቻቸው። «እጄ ጀርባ ላይ። እንዳሉኝ።»

«ስንት ድረስ?»

«ዘጠኝ።»

«ሃያ ነው ያልኩሽ» አሉ፣ እናም ሳያስቡት ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ብድግ አሉ። «ሲስተር!» ብለው ወደ አዳራሹ ተጣሩ።

ሲስተር ሳጥናቸውን ይዘው መጡ። ምን ተደረገ፣ ማን አደረገ ብለው አልጠየቁም፤ የነርስ ጥያቄ ቅደም ተከተል አለው። እጇን በሳሙና አስታጠቧት፣ የራሳቸውን ታጠቡ። «ወደ ላይ እይ። አሁን ወደ እኔ። ጥፍርሽን አርቂ።» ግራው ሌንስ በቀላሉ ወጣ። ቀኙ ተጣብቆ አልላቀቅ አለ፤ ከሳጥናቸው የዓይን ማጠቢያ ውሃ አውጥተው ደጋግመው አፈሰሱበት፣ እየጠበቁ፣ ሳይቸኩሉ፣ እስኪንሳፈፍ። ሲወጣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ነበረው።

«ከማን እንደተዋስሽው እንጃ፣ ይኸው ውርስሽ» አሉና በጨርቅ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። መብራቱን አስጠግተው ዓይኗን አዩት። «ቀልቷል። ሰኞ ጠዋት ዓይን ሐኪም ጋ ይዤሽ እሄዳለሁ፤ የሸሚዙ ተኩስ ይቆይ። ለዛሬው ደግሞ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ የምትዘዪው አጎትሽ ፊት ቆመሽ ጣቱን ሁሉ ከቆጠርሽ ብቻ ነው። አንዱን ከሳትሽ ነብሯ ታማለች ብዬ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።»

ሲስተር ወጡ። ሰዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ይል ነበር፤ ሰባት ደምሩበት።

ጭራ ጭምብሉን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ባዶ ሆነው ወደ ጣራው አፈጠጡ። «አሁንማ ቡናማም አይደለም» አለች። «ቀይ ቡናማ። ያለቀሰች ነብር ማን ይፈራል?»

ጋሽ ስንት ጭምብሉን ከጭኗ ወስደው ወደ ላይ ያዙት፣ ከዚያ ወደ ታች አዘነበሉት። እንደገና ወደ ላይ፣ ወደ ታች። «ነብሯ ልትዘል ስትል አንገቷን እንዴት ታደርጊያለሽ?»

«እደፋለሁ። እንዲህ።»

«ስትደፊ ሕዝቡ የሚያየው ምኑን ነው?»

«ግንባሯን።»

ሁለቱም ተያዩ። ማን ቀድሞ እንደገባው እስከ መጨረሻው ሲከራከሩበት ኖሩ፤ እሷ «እኔ ነኝ» ትላለች፣ እሳቸው «አንቺማ ገና እያለቀስሽ ነበር» ይሉ ነበር።

ጋሽ ስንት ወደ ሱቃቸው ሮጡ። በስድሳ አራት ዓመታቸው ሮጡ። የአንድ ደንበኛ አሮጌ ሶፋ ጀርባው ተገልብጦ ቆሞ ነበር፤ መደገፊያው ላይ እንደ ሳንቲም ሰፋ ሰፋ ያሉ፣ የሚያበሩ የናስ አዝራሮች ነበሩት። ሁለቱን ከሥራቸው በጠሷቸው። ጭራ ተከትላ «ባለቤቱስ?» አለች።

«ባለቤቱ ለአንድ ቀን በጀርባው ሳይደገፍ ይቀመጥ።»

አዝራሮቹን ጭምብሉ ግንባር ላይ፣ ከቅንድቡ በላይ፣ ትንሽ ወደ ውጪ ዘንበል አድርገው አስቀመጧቸው። በየአዝራሩ መሐል፣ እንደ ዓይን ብሌን፣ ጥቁር ቆዳ በቀጭን ቅጠል ቅርጽ ቆርጠው ጣሉባቸው። ከዚያ መርፌ አነሱ። ጭራ ሰዓቱን እያየች «ጋሼ፣ በሙጫ ይፈጥናል» አለች።

«ዛሬ ሙጫ አልነካም።»

ሰፉት። እጃቸው ሲሰፋ እንደ ሌላ ሰው እጅ ነበር፣ ወጣት፣ የማይጠራጠር። እሷ ደግሞ በአረንጓዴ ክር በታሰረው ብሩሽ የእውነተኛውን የዓይን ቀዳዳ ዙሪያ በጥቁር ቀለም ቀባችው። ቀዳዳው ላይ እንጂ ቆዳዋ ላይ አይደለም፤ ደግሞም እጇ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጋ፣ ከፀጉሩ አጠገብ፣ ሃያ ሙሉ ቆጥራ። ጨርሳ ስትይዘው ሁለቱ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ጠፍተው ነበር። ነብሯ ላይ ካሉት ሠላሳና አርባ ጥቁር ነጠብጣቦች ሁለቱ ሆነው ቁጭ አሉ። የሚያበራው ግንባሯ ላይ ነው፤ የምታየው ከነጠብጣቦቿ ውስጥ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ዳቦ ጋጋሪውም ቀስቱን ይዞ፣ ሲስተርም እጃቸውን አጣምረው በሩ ላይ ቆሙ። ጭራ ጭምብሉን አጠለቀች።

ጋሽ ስንት በግራዋ ሄዱ። «ስንት ነው?»

«ሁለት።»

በቀኟ፣ በቀላው ዓይን በኩል። «ስንት ነው?»

«አራት።»

ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ተንቋቋ። «ስንት ነው?»

«አንድ። ጥፍሩም ሶፋ የመታው ነው፣ ጠቁሯል።»

ዳቦ ጋጋሪው «ወይ ጉድ፣ የኋላ እግሬ ዓይን አወጣ!» አለ። ሲስተር ሳቁ። ጋሽ ስንት ግን ገና አልጨረሱም፤ ከኋላዋ ዞረው ጭምብሉን በዓይናቸው እየመረመሩ ወደ ፊቷ መጡ። ጭራ በደስታ ሰክራ ስለነበር እሷም ጓንት ያጠለቀ እጇን በግራቸው በኩል ዘርግታ ሦስት ጣት አነሳችባቸው። «እርስዎስ፣ ስንት ነው?»

ወደ ፊት እያዩ ቆዩ። እጇ ከትከሻቸው ጎን ከአንድ ክንድ አይርቅም ነበር። «ምኑ?» አሉ።

እጇን አወረደች። ሲስተር ወለሉን አዩ፤ እሳቸው ያውቁ ነበር። ግፊቱ ዓይንን መጋረድ የሚጀምረው ከዳር ዳር ነው፤ መሐሉን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ጋሽ ስንት ሰዉን ሁሉ በጎን በጎኑ ሲጠይቁ የኖሩት ለምን እንደሆነ ጭራ ያን ጊዜ ገባት። «ምንም አይደል፣ ጋሼ» አለች። እሳቸውም ጭምብሉን በሁለት እጃቸው አስተካከሉላትና «ሂጂ እንግዲህ፤ ለዛሬ እኔ ያላየሁትን እይልኝ» አሏት።

አሥር ሰዓት ላይ መጋረጃው ተከፈተ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ቦታ ያጡት መስኮቱ ላይ ወጥተዋል። ጭራ ከካርቶንና ከእንጨት የተሠራው ድንጋይ ጀርባ አድፍጣ ትንፋሿን ትሰማ ነበር። ሁለት ዓመት ከጨርቅ ውስጥ የሰማችውን አዳራሽ አሁን አየችው፤ ፊት ለፊት፣ በጎን፣ ከእግሯ ሥር። የእናቷን ሻርፕ በአራተኛው ረድፍ አየች። የፀጉር ሠሪዋን ጓደኛዋን የተቆለለ ፀጉር አየች። ጋሽ ስንትን በመጋረጃው ጥግ አየቻቸው።

አዳኙ ገባ። ነብሯ በድንጋዩ ጫፍ ላይ ቀስ ብላ ብቅ አለች። አንገቷን ደፋች።

መብራቱ ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ናሶቹ በሩ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ የሦስት መቶ ሰው ትንፋሽ። ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ሕፃን በጠራ ድምፅ «እማዬ፣ እኔን ነው የምታየው» አለች። ከበስተግራም አንድ ሽማግሌ «ኧረ እኔን ነው» አሉ። ጭራ አንገቷን በትንሹ ስታዞር የሚያበራው ዓይን በየረድፉ ሲያልፍ፣ ሰዉ እንደ ሣር ወደ ኋላ ሲያጎነብስ ከነጠብጣቦቿ ውስጥ ሆና አየች። በፊቷ ላይ የሳቅ እንባ ወረደ። ማንም አላየውም።

ዳቦ ጋጋሪው ራሱ ደነገጠ። መጣል የነበረበትን ቀስት ከመዝለሏ በፊት ጣለው፤ በልምምድ አንድም ቀን ያላደረገውን። ቀስቱ ተንከባልሎ እሷ የምታርፍበት ቦታ ላይ ጋደም አለ፣ ፍላጻውም ሽቅብ ተደግፎ። ጭራ እግሯን አንስታ ነበር። ወደ ታች አየች፤ ያን «አንድ» ያለችበትን ቦታ፣ ከእግሯ ሥር ያለውን። አየችው። በአየር ላይ ወገቧን አዙራ አንድ ክንድ ወደ ቀኝ ወረደች፣ በአራት እግሯ፣ ፍላጻውን በጎኗ አስቀርታ። ከዚያ ቀና ብላ አፈጠጠችበት።

አዳኙ ሳይታዘዝ ተንበረከከ። ጭብጨባው ሲፈነዳ የቆርቆሮው ጣራ ነጎደ። በመጋረጃው ጥግ ጋሽ ስንት አንድ ጣታቸውን አንስተው ለራሳቸው «አንድ» ሲሉ አየቻቸው።

ሰኞ ዓይን ሐኪሙ የቀኝ ዓይኗ ላይ ጭረት አለ ብሎ ጠብታ ጻፈላት፤ በሳምንቱ ዳነ። የነብሩ ፀጉር ከእጇ ጀርባ የለቀቀው በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ጋሽ ስንት «በቆጠርሽው ልክ» ብለው ሳቁባት። አራቱን ብልቃጦች ያን ዕለት ማታ በመዶሻ ሰባብረው ጥለዋቸዋል። የሶፋው ባለቤት ሁለቱን አዝራሮች መልሶ አልጠየቀም፤ ቲያትሩን አይቶ ነበር።

ጋሽ ስንት በተከታዩ ዓመት፣ ነብሯ ለስድስተኛ ጊዜ ከታየች ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ አረፉ። በዚያ ክፍል ሙጫ ከተገዛበት ጠርሙስ ወደ ሌላ አይገለበጥም፣ አንገቱም ላይ ቀይ ክር ይታሰርበታል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ጣቱን የምታነሳው ጭራ ናት።